የሰውነት ስብ የሚለካው ሚዛን፣ የጊዮርጊሱ ልጅ ሚዛን እና የእኔ ሜትር

ሚዛኑን የገዛሁት መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። ፒያሳ፣ ኤሌክትሮኒክስ ከሚሸጡ ሱቆች ከአንዱ። መጀመሪያ 4,500 ብር አሉኝ፤ ተከራክሬ በ3,800 ወሰድኩት። ጥቁር መስታወት ነው። እግር የሚያርፍባቸው አራት ቀጫጭን ብረቶች አሉት። በብሉቱዝ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ሻጩ ልጅ «እትዬ፣ ይሄ ኪሎ ብቻ አይደለም የሚነግርዎት። ስቡን ለብቻ፣ ጡንቻውን ለብቻ፣ ውሃውን ለብቻ ይለያል» አለኝ። «ስቡን ለብቻ» ያለው ነገር ነው ብሬን ያስወጣኝ።

አሁን ሦስት ወር ሆነኝ። በየጠዋቱ እወጣበታለሁ፤ የታየውንም እጽፋለሁ። ልትገዙ ላሰባችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ነው። ግን ስብ ስብ የምለው ለምን እንደሆነ ሳልናገር ስለ ሚዛኑ ባወራ አይገባችሁም። ስለዚህ ከእህቴ ልጀምር። እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች።

ልብስ ሰፊ ነኝ። አራት ኪሎ፣ አንድ ሕንጻ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት የስፌት መኪና የምትይዝ ክፍል አለችኝ። 22 ዓመት ሰፍቻለሁ። የደንበኞቼን ልክ በደብተር ነው የምይዘው። ጡት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻ፣ ቁመት፣ ቀን። አሁን 11ኛው ደብተር ላይ ነኝ። አንዱንም አልጣልኩም።

የታላቅ እህቴ ልክ በሁሉም ደብተሮች ውስጥ አለ። እታለም ነው የምላት። መምህርት ናት፤ 58 ዓመቷ ነው። የጥምቀትና የፋሲካ ቀሚሷን የምሰፋላት እኔ ነኝ። አምና እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ፣ አንድ ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ደብተሮቹን አወጣሁና የሷን ገጾች ብቻ እየፈለግሁ አነበብኩ። በ1997 ወገቧ 74 ሳንቲ ሜትር። በ2003፣ 82። በ2009፣ 91። በ2014፣ 98። በ2016፣ 104። ሁሉም በኔ እጅ የተጻፈ ነው። በየመሀሉ «እሰይ፣ ተመችቶሻል» ያልኳት ትዝ አለኝ። ከልቤ ነበር። እኛ ዘንድ የወፈረ ሰው ደህና ነው። «ምን ሆንሽ?» የሚባለው የከሳ ሰው ነው።

እታለምን ያስተኛት የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ነው። የወር አበባዋ በ51 ዓመቷ ቆሞ ነበር። በ57 ዓመቷ እንደገና ትንሽ ትንሽ ደም ማየት ጀመረች። የሄደችበት ክሊኒክ «ድካምና ጭንቀት ነው» ብሎ የደም ማነስ እንክብል ሰጥቶ ሸኛት። በዚያ አራት ወር ባከነ። በኋላ ጎረቤቷ ወደ አንዲት የማህፀን ሐኪም ወሰደቻት። አልትራሳውንድ ታየች፣ ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ መጣ። ማህፀኗ፣ ቱቦዎቹና የእንቁላል እጢዎቿ ወጡ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከማህፀኗ ሳይወጣ ነው የተገኘው። ይህ ካንሰር በጊዜ ከተገኘ በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚድኑት ብዙ ናቸው። አንባቢ ሴቶች ሆይ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ካረጣችሁ በኋላ ደም ካያችሁ፣ ጠብታም ብትሆን፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የዕድሜ ነው የሚላችሁን አትስሙ።

ለክትትል የሄድን ቀን ነው ስለ ስብ የሰማሁት። እታለም «ዶክተር፣ ምን አድርጌ ነው ይሄ የያዘኝ?» አለቻት። ዶክተሯ ልጅ ናት፤ በዕድሜ የእኔን ታናሽ ትሆናለች። «እርስዎ ምንም አላደረጉም» አለቻት መጀመሪያ። ከዚያ ወረቀት ስባ መሳል ጀመረች። ያን ወረቀት እስካሁን ደብተሬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እኔ ስብን እንደ ጎተራ ነበር የማስበው። የተረፈው ምግብ ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት። ለካ ስብ ሠራተኛ ነው። ሆርሞን ይሠራል፣ መልእክት ይልካል፣ ከመላው ሰውነት ጋር ይነጋገራል። ሴት ልጅ ከማረጧ በፊት ኤስትሮጅን የሚባለውን ሆርሞን በዋናነት የሚሠሩት የእንቁላል እጢዎች ናቸው። ስታርጥ እነሱ ሥራ ያቆማሉ። ስቡ ግን አያቆምም። አሮማቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ በሱ አማካይነት ሌሎች ሆርሞኖችን ወደ ኤስትሮጅን ይለውጣል። ስቡ በበዛ ቁጥር ኤስትሮጅኑም ይበዛል። ኤስትሮጅን የማህፀንን ግድግዳ «እደግ፣ ወፍር» ይለዋል። ድሮ ይህን የሚያስቆም ፕሮጄስትሮን የሚባል ሌላ ሆርሞን በየወሩ ይመጣ ነበር። ካረጡ በኋላ እሱ የለም። ግድግዳው ያለ ፍሬን ያድጋል ማለት ነው።

እና ማደጉ ምን ክፋት አለው? ይህን ያስረዳኝ የራሴ ሙያ ነው። ቀሚስ ስቆርጥ የመጀመሪያው የወረቀት ቅድ ይጠፋና ከተቆረጠው ጨርቅ ላይ ሌላ እቆርጣለሁ። ከሁለተኛው ሦስተኛውን። አሥረኛው ላይ ስደርስ አንገቱ በሁለት ጣት ያህል ተዛብቷል። ሕዋስም ሲከፈል በውስጡ ያለውን መመሪያ እየገለበጠ ነው። በተገለበጠ ቁጥር ስሕተት የመግባት ዕድል አለ። አብዛኛውን ሰውነት ራሱ ያርማል። መክፈሉ ሲበዛና ሲቻኮል ግን ሳይታረም የሚያልፍ ይኖራል። ሲደራረብ ካንሰር ይሆናል። ዶክተሯ ይህን ስላት «ይህን ምሳሌ ለሌሎችም እናገራለሁ» አለችኝ። ደስ አለኝ።

ሌላም መንገድ አለ። የሆድ ስብ ሲበዛ ሰውነት ለኢንሱሊን ጆሮ መስጠት ይቀንሳል። ቆሽት «አልሰሙኝም» ብሎ አብዝቶ ይረጫል። ደም ውስጥ የተትረፈረፈው ኢንሱሊን ስኳር ከማስገባት አልፎ ሕዋሳትን ተባዙ፣ አትሙቱ ይላል። መሞት የነበረበት የተበላሸ ሕዋስም ይህንኑ ትእዛዝ ይሰማል። ከዚህ ሌላ የስብ ሕዋሳቱ ራሳቸው ከልክ በላይ ሲነፉ ኦክስጅን ያጥራቸዋል፣ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። የሰውነት ወታደሮች የሞቱትን ከበው ያጸዳሉ። ቁስል ሲሆን ሥራቸውን ጨርሰው ይሄዳሉ። እዚህ ግን ሥራው አያልቅም። ለዓመታት ቀስ ብሎ የሚነድ ብግነት ይሆናል፤ ከሱ የሚወጡት ኬሚካሎች ደግሞ በአካባቢው ያለውን ሕዋስ ይጎዳሉ።

እቤት ገብቼ የልጄን ስልክ ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ፈረንሳይ ሊዮን ያለው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ከ1,000 በላይ ጥናቶችን መርምሮ፣ ትርፍ ስብ አለመኖሩ የ13 ዓይነት ካንሰሮችን አደጋ እንደሚቀንስ በቂ ማስረጃ አለ ብሏል። ውስጡ የትልቁ አንጀት አለ፣ የጉበት፣ የኩላሊት፣ የቆሽት፣ የሐሞት ከረጢት፣ የእንቁላል እጢ፣ ካረጡ በኋላ የሚመጣ የጡት ካንሰር አለ። ከሁሉም የጠበቀ ግንኙነት ያለው የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ነው። በጣም ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያላቸው ሴቶች፣ ማለትም ቢ ኤም አይ የሚባለው፣ ኪሎ ከቁመት ጋር የሚነጻጸርበት ቁጥራቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ልከኛ ክብደት ካላቸው ጋር ሲነጻጸሩ አደጋቸው 7 እጥፍ ያህል ነው።

አትደንግጡ። ይህ አደጋ እንጂ ፍርድ አይደለም። ብዙ ወፍራም ሴቶች ካንሰር ሳያውቃቸው አርጅተው ያርፋሉ፤ ብዙ ቀጫጭኖችም ይያዛሉ። ዶክተሯ አንድ የሚገርም ነገርም ነገረችን። ከማረጥ በፊት ባለው ዕድሜ ወፈር ያሉ ሴቶች የጡት ካንሰር አደጋቸው እንዲያውም ትንሽ ዝቅ ይላል። ካረጡ በኋላ ነው የሚገለበጠው። የማህፀን በር ካንሰር ደግሞ ሌላ ነው። ስሙ ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል፤ እኔም አምታትቼ ነበር። እሱን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። ክትባት አለው፤ እኛ አገርም ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። የኔ ልጅ ወስዳለች።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ሰምቼ ነው ወደ ፒያሳ የሄድኩት። እኔም 47 ሆኛለሁ፣ 1 ሜትር ከ60 ነኝ፣ ሆዴም የእታለምን መንገድ ይዟል። ስቤን ለብቻ ማወቅ ፈለግሁ።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። ኪሎውን በመመዘን በኩል አያሳፍርም። አምስት ኪሎ የታሸገ ዱቄት ታቅፌ ወጣሁበት። ያለ ዱቄቱ 74.2፣ ከነዱቄቱ 79.2። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ያው ነው። ጠንካራ ወለል ላይ አስቀምጡት እንጂ ምንጣፍ ላይ ይዋሻል። ባትሪው እስካሁን አላለቀም። ቢ ኤም አይም አስልቶ ይሰጣል፤ ያን ግን እናንተም በስልክ ማስያ ታወጡታላችሁ። ኪሎን ለቁመት፣ መልሶ ለቁመት ማካፈል ነው። የኔ 74.2 ለ1.60 ሲካፈል፣ እንደገና ለ1.60 ሲካፈል 29 አካባቢ ይመጣል። ከ25 በላይ ትርፍ ክብደት፣ ከ30 በላይ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። ለዚህ ብቻ 3,800 ብር አይወጣም።

የወጣው ለስቡ ነው፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። አሠራሩን ላስረዳችሁ። በባዶ እግር ስትቆሙ በብረቶቹ በኩል የማይሰማ ደካማ ኤሌክትሪክ በአንዱ እግር ይወጣና በሌላው ይወርዳል። ጡንቻና ደም ውሃና ጨው ስላላቸው ያሳልፉታል። ስብ ይከለክለዋል። ሚዛኑ ምን ያህል እንደተከለከለ ይለካና በዕድሜ፣ በቁመት፣ በጾታ እያስተካከለ ቁጥር ይሰጣል። ማለትም ስቡን አላየውም። ገምቶ ነው። (ልብ ውስጥ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ የተተከለለት ሰው ጨርሶ መውጣት የለበትም፤ ነፍሰ ጡርም እንዲሁ። ሻጩ ይህን አልነገረኝም። መመሪያው ላይ በትንንሽ ፊደል አለ።)

ግምቱ በውሃ ይዛባል። አንድ ቀን ሆን ብዬ ሞከርኩት። ጠዋት ከእንቅልፍ ተነስቼ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ 38.4 ከመቶ ስብ አለኝ። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ውዬ፣ እግሬ እንደ ልማዱ አብጦ፣ ማታ ስወጣበት 36.1። በአንድ ቀን ከመቶ ሁለት የሚበልጥ ስብ የጠፋ ያስመስላል። የጠፋ ስብ የለም። እግሬ ላይ ውሃ ስለተጠራቀመ ኤሌክትሪኩ በቀላሉ አለፈ፤ ያ ነው። በማግስቱ ተረከዜን ሳልታጠብና ሳልቀባ፣ እንደደረቀ ብወጣ ደግሞ ሌላ ቁጥር። ስለዚህ ከገዛችሁት በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት፣ ሽንት ቤት ደርሳችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ ውጡ። የቀኑን ቁጥር ተዉት። የወሩን አዝማሚያ እዩ። ለዚያ ይሠራል፤ ስልኩ ላይ የሚያሳየው መስመርም ግልጽ ነው።

ያሳዘነኝ ግን ሌላ ነው። ለካንሰሩ ጉዳይ ከሁሉም ስብ ይልቅ የሚያሳስበው በሆድ ዕቃ ዙሪያ፣ በአንጀትና በጉበት መሀል የሚቀመጠው ነው። ኢንሱሊኑን የሚያውከው፣ ብግነቱን የሚያነደው በይበልጥ እሱ ነው። ሚዛኑ «የሆድ ዕቃ ስብ» ብሎ ለኔ 9 ቁጥር ሰጠኝ። ኤሌክትሪኩ ግን ከእግር ወደ እግር ነው የሚሄደው፤ ሆድን በደንብ አይነካውም። ያ 9 ከቀመር የመጣ ቁጥር ነው። ልገዛው የሄድኩለትን ነገር ነው ከሁሉም አሳንሶ የሚያውቀው።

ሌላም ቅሬታ አለኝ። እታለም እቤቴ መጥታ «እስቲ እኔም» ብላ ወጣችበት። ስልኩ ቀይ አበራ። ልጄ ቁጥሮቹን ስትተረጉምላት «የሰውነትሽ ዕድሜ 66» የሚል አለ። ከቀዶ ሕክምና ስድስት ወሯ ነበር። ዝም ብላ ወረደች፣ ሻይዋንም አልጨረሰችም። የሰውነት ዕድሜ የሚባል ነገር በሕክምና የሚለካ አይደለም፤ መተግበሪያውን የሠሩት ሰዎች ያወጡት ቀመር ነው። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማሳየት ጭካኔ ነው። ያንን ገጽ የሚደብቅ ቁልፍ ፈልጌ አጣሁ።

አሁን ስለ ሌላው ሚዛን ልንገራችሁ። በወር በ23 ፒያሳ ጊዮርጊስን ተሳልሜ ስወጣ፣ ወደ ታች በሚወስደው እግረኛ መንገድ ላይ ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ አለ። 14 ዓመት ቢሆነው ነው። «ማዘር፣ ይመዘኑ፣ 10 ብር» ይላል። ሚዛኑ የድሮ ዓይነት፣ ባለ መርፌ፣ ጎማ የለበሰ ነው። ካርቶን ላይ ነበር የሚያስቀምጠው። ካርቶኑ ስለሚሰረጉድ መርፌው ይዋዥቃል። ልብስ የምተኩስበት አሮጌ ጣውላ ነበረኝ፤ አመጣሁለት። አሁን በዚያ ላይ ነው። ከቤቴ ሚዛን ጋር ሳስተያየው ሁልጊዜ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይጨምራል፤ ግማሹ ልብሴ ነው። ሁልጊዜ በአንድ ልክ እስከጨመረ ድረስ ግድ የለም። በወር አንድ ጊዜ፣ በዚያው ሚዛን፣ በዚያው ነጠላና ቀሚስ። ከዚህ በላይ ብዙ ሰው አያስፈልገውም። ልጁ ጫማ ሳያስወልቅ አይመዝንም። ቁጥሩን ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ ነው የሚናገረው። ደንበኛ የሆነውን ደግሞ ያስታውሳል፤ «ካለፈው ወር ወርደዋል» ይላል። እሱን ሳላመሰግን ባልፍ ይቆጨኛል።

ኅዳር 23 ከኔ ፊት አንድ አባት ተመዘኑ። 60 ኪሎ። ልጁ «አባባ፣ በነሐሴ 66 ነበሩ» አላቸው። ሰውየው «እሰይ፣ ጾሙ ነው» አሉ። ጾሙ ገና ስምንት ቀኑ ነበር። ቀረብ ብዬ «አባቴ፣ ሳያስቡት ነው የቀነሱት?» አልኳቸው። ምግብ አልበላም እንዳላቸው ነገሩኝ። ክብደትና ካንሰር በዚህ አቅጣጫም ይገናኛሉ። ካንሰር ሲኖር ሰውነት የራሱን ጡንቻና ስብ ሊያቃጥል ይችላል፤ ምግብም ይዘጋል። ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ከክብደቱ ከመቶ 5 እጅ የቀነሰ ሰው፣ ሳይሞክር ከሆነ፣ መታየት አለበት። ለ66 ኪሎ ሰው ሦስት ኪሎ ከምናምን ማለት ነው። እሳቸው ስድስት ነበር። መንስኤው ሌላም ሊሆን ይችላል፤ ስኳር ወይም ቲቢ ወይም ሌላ። ታኅሣሥ 23 ከልጃቸው ጋር አገኘኋቸው፤ ምርመራ ጀምረዋል። ያን ያገኘው የ10 ብር ሚዛን እና የልጁ ጭንቅላት ነው።

ሦስተኛው መሣሪያ ሁልጊዜም አንገቴ ላይ ያለው ነው። ባለ 150 ሳንቲ ሜትር የልብስ ሰፊ ሜትር። መርካቶ በ60 ብር ገዛሁት። ጨርቅ ስለሆነ ይለጠጣል፤ በየዓመቱ ከብረት ማስመሪያ ጋር አስተያይቼ ከረዘመ እጥለዋለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የሴት ወገብ ከ80 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል፣ ከ88 ሲያልፍ ይጨምራል። ለወንድ 94ና 102 ናቸው። ይህ ሜትር ሆዳችሁን በቀጥታ ይነካዋል። ሚዛኑ ይህን አይችልም።

ግን እዚህ ላይ 22 ዓመት የሠራሁበትን ነገር ተምሬ አረምኩ። እኛ ሰፊዎች ወገብ የምንለካው ከሁሉም ቀጠን በሚለው ቦታ ነው፤ ቀሚሱ የሚያርፈው እዚያ ነዋ። ሐኪሞች የሚለኩት ሌላ ቦታ ነው። የመጨረሻውን የጎን አጥንት በጣታችሁ ፈልጉ። ከዚያ የዳሌን አጥንት ጫፍ ፈልጉ። በሁለቱ መሀል ነው ሜትሩ የሚዞረው። ቆማችሁ፣ ሆድ ሳትስቡ፣ ትንፋሽ በዝግታ ካወጣችሁ በኋላ። ልብስ ላይ አይደለም፣ ቆዳ ላይ ነው። ሜትሩ መጥበቅም መላላትም የለበትም። የኔ በልብስ ሰፊ ቦታ 88 ነበር፤ በሐኪም ቦታ 93 መጣ። ቦርጭ ላለው ሰው ልዩነቱ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ የእታለም የድሮ ቁጥሮች እንኳ አሳንሰው ነው የጻፏት።

እኔ ምን አደረግሁ ካላችሁ፣ ብዙ አይደለም። ቡናዬ ላይ የነበረውን ሁለት ማንኪያ ስኳር ተውኩ። እራት በጊዜ እበላለሁ። ጠዋት ጠዋት ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ ፒያሳ እወጣለሁ፣ በእግሬ እመለሳለሁ። መንገዱ በኮሪደር ልማቱ ከሰፋ ወዲህ ለመራመድ ይመቻል። ኅዳር ላይ ሚዛኑ 73.1 ላይ ተገትሮ ወር ሙሉ አልነቃነቅም አለ። ተስፋ ልቆርጥ ነበር። ሜትሩን ሳዞር ግን ወገቤ በዚያው ወር ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀንሷል። የሚራመድ ሰው ኪሎው ባይወርድ እንኳ የሆድ ስቡ ሊቀንስ እንደሚችል ያኔ ነው ያነበብኩት። ሚዛኑን ብቻ ብሰማ ኖሮ መራመዱን እተው ነበር። ዛሬ 72 ኪሎ ነኝ፤ ወገቤ 89።

«የቀነሰ ሰው አደጋውም ይቀንሳል ወይ?» ያለችኝ ደንበኛ አለች። ከሁሉ የጠራው መልስ የመጣው ለውፍረት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች ነው፤ እነሱ ብዙ ስለሚቀንሱ። አሜሪካ ያለው ክሊቭላንድ ክሊኒክ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ጥናት ከ30,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከውፍረት ጋር የተያያዘ ካንሰር የያዛቸው ቀዶ ሕክምና ካደረጉት ከመቶ 2.9፣ ካላደረጉት 4.9 ናቸው። እኛ እንደነሱ ብዙ ኪሎ ላንቀንስ እንችላለን። መንገዱ ግን ሁለት አቅጣጫ እንዳለው ማወቅ ለኔ ትልቅ ተስፋ ነው።

ሚዛኑን ግዙ ትላለሽ ወይ ካላችሁ፣ አብዛኞቻችሁን አትግዙ እላለሁ። 3,800 ብር ብዙ ብር ነው። ሕክምና ላይ ያለ፣ ጡንቻው እንዳይወርድ ሐኪም በየሳምንቱ ክብደት ያዝ ያለው ሰው ቤት ካለ ግዙት፤ ኪሎው ትክክል ነው፣ መዝገቡም ጥሩ ነው። ስልኩን ግን ለበሽተኛው አታሳዩት። ሌላችሁ ሜትር ግዙ፣ ደብተር ያዙ፣ በወር አንዴ 10 ብር ይዛችሁ ተመዘኑ። ሜትር አያያዝ ያስቸገራት ሴት እኔ ዘንድ ብትመጣ በነጻ አሳያታለሁ።

ትናንት እታለም ለጥምቀት ቀሚስ ልትለካ መጣች። ሁለቱንም ቦታ ለካኋት፣ የሰፊውንም የሐኪሙንም። በልብስ ሰፊው ቦታ 99 ሆናለች። ሳልናገር ጻፍኩት። እሷ በትከሻዬ አጎንብሳ አየችና ዝም ብላ ቆየች። «ጥብቅ አታድርጊው፤ ለፋሲካም እንዳጠብበው ትርፍ ጨርቅ ተይልኝ» አለችኝ። ትርፉን ሦስት ጣት ተውኩላት።